የጋራ የደብዳቤ ፎርማት በመሐል አዲስ አበባ ቢሮዎች

የጋራ ፎርማት ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም ሪፖርት ሊጽፉ ሲነሡ ሁሉም የሚጀምሩበት አንድ የተሰናዳ ፋይል ነው። ሎጎው፣ አድራሻው፣ የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ «ቀን» እና «ቁጥር» የሚገቡበት ቦታ፣ «ጉዳዩ፦» እና «ግልባጭ፦» አስቀድመው ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ የምትሞላው የቀረውን ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ቋንቋ ቴምፕሌት ይለዋል። በመጽሐፍ አማርኛ «አብነት» የሚል ስም አለው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮ ገብታችሁ «አብነቱን ላኪልኝ» ብትሉ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልትገቡ የመጣችሁ ትመስላላችሁ። ሰው የሚለው «ፎርማት» ነው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ፎርማት የሌለው ቢሮ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ያለፈውን ደብዳቤ መክፈት፣ ስሙን መቀየር፣ ሴቭ አዝ ማለት። ፈጣን ነው፣ ልፋት የለውም። ችግሩ፣ ካለፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሳይጠፋ ይቀራል። አንድ ጊዜ ስታዲየም አካባቢ ከነበርኩበት ቢሮ ለአንድ አቅራቢ የክፍያ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ስሙን ቀየርኩ፣ ገንዘቡን ቀየርኩ፣ ቀኑን ቀየርኩ። ግልባጩ ግን ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርዶ ስለነበር አላየሁትም። ተፈርሞ፣ ቲተር ተመቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶት ወጣ። በማግስቱ ጉዳዩ ጭራሽ የማይመለከተው ሌላ ድርጅት «ይሄ ግልባጭ ለምንድን ነው የደረሰን?» ብሎ ደወለ። አለቃዬ አልተቆጡም። መዝገብ ቤት የቀረውን ቅጂ አምጥተው፣ ግልባጩን በቀይ እስክሪፕቶ አክብበው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደብዳቤው ቅርጽ ራሱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከሠሩ በኋላ፣ በኋላም የኦሊቬቲ መኪና በየቢሮው ሲገባ፣ ፎርማቱ ወረቀቱ ላይ ነበር። በ1914 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ አራት ኪሎው ብርሃንና ሰላም ያሉ ማተሚያ ቤቶች አርማና አድራሻ ያለበትን ወረቀት አትመው ይሰጣሉ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ፣ መሐል ላይ አርማው፣ ከሥር ስልክና ፖስታ ሣጥን ቁጥር። ጸሐፊዋ ወረቀቱን መኪናው ላይ ትጭንና ከታተመው በታች ትጀምራለች። የታተመውን ማንም ሊነካው አይችልም ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ያ የታተመ ክፍል ፋይል ውስጥ ገባ። ያኔ ሁሉም ሰው የሚጎትተው፣ የሚያጠበው፣ የሚያሰፋው ነገር ሆነ። የጋራ ፎርማት የሚመልሰው ያንን የድሮውን አለመነካት ነው።

ቢሮ ብቻም አይደለም። ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች በፎርማት የሚኖሩ ናቸው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይተይባል። የክስ ማመልከቻው አጥንት አይቀየርም፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ከነአድራሻቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ክሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፣ ቁጥር 223 ደግሞ አብሮ የሚያያዘውን የማስረጃ ዝርዝር። መጨረሻ ላይ «በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይባልና ይፈረማል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለፎርማት የተፈጠረ ነው። የትላንትናውን ደንበኛ ክስ ከፍቶ ስም እየቀየሩ መሥራት ግን እዚህ ከቢሮውም የከፋ ነው። የአንዱ ተከሳሽ የቤት ቁጥር በሌላው ሰው ክስ ላይ ሲቀር መጥሪያው የት እንደሚሄድ አስቡት።

አሠራሩ

ማይክሮሶፍት ወርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አለ። ፎርማትን ከተራ ሰነድ የሚለየው በፋይሉ ስም ጅራት ነው። ከ2007ቱ ወርድ ወዲህ ተራው ሰነድ «ዶክኤክስ» ሲሆን ፎርማቱ «ዶትኤክስ» ነው፤ ማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ የሚያከናውን የትእዛዝ ስብስብ፣ ካለው «ዶትኤም» ይባላል። ልዩነቱ የሚታየው ስትከፍቱት ነው። ዶትኤክስ ፋይል ላይ ሁለቴ ክሊክ ብታደርጉ ዋናው አይከፈትም። ከእሱ የተቀዳ፣ ገና ስም ያልወጣለት አዲስ ሰነድ ይመጣል። ዋናውን ማስተካከል የፈለገ ሰው በቀኝ ክሊክ «ኦፕን» ማለት አለበት። ይህቺን አንዲት ነገር ያላወቀ ሰው ፎርማቱን አስተካክያለሁ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ቅጂውን ሲያስተካክል አይቻለሁ።

ፋይሉ በየኮምፒውተሩ ላይ ከተበተነ የጋራ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ሰርቨር ላይ፣ ሰርቨር ከሌለም አንድ ሁሌ የሚበራ ኮምፒውተር ላይ፣ ሼርድ ፎልደር ይከፈታል። ከዚያ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ተብሎ እስከ ታች ይወረዳል። እዚያ «ፋይል ሎኬሽንስ» የሚል አለ፤ ውስጡ «ወርክግሩፕ ቴምፕሌትስ» የሚል መስመር። የፎልደሩ አድራሻ የሚገባው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው «ኒው» ሲል የቢሮው ፎርማቶች ከወርድ ከራሱ ፎርማቶች ተለይተው ይመጡለታል። በፎልደሩ ውስጥ ንዑስ ፎልደር ከከፈታችሁ፣ «ደብዳቤ»፣ «ቃለ ጉባኤ»፣ «ሪፖርት» ብሎ ይከፋፍልላችኋል። ሃምሳ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ይህን በእጅ አይሠራም፤ አይቲው በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም በዊንዶውስ የጋራ መቆጣጠሪያ፣ ከአንድ ቦታ ይጭነዋል።

ፈቃዱ ላይ መጨከን ያስፈልጋል። ሁሉም ሰው ማንበብ ይችላል፣ መለወጥ የሚችል ግን አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት። ይህ ካልሆነ ፎልደሩ በወር ውስጥ «ደብዳቤ አዲስ»፣ «ደብዳቤ የመጨረሻ»፣ «ደብዳቤ የመጨረሻ ትክክለኛ» በሚሉ ፋይሎች ይሞላል።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፎርማቱ ሲለወጥ ከዚህ በፊት የተጻፉት ደብዳቤዎች አብረው አይለወጡም። ስታይሉ፣ ማለትም የፊደሉና የአንቀጹ መልክ፣ እንዲከተል ማድረግ ይቻላል። ሎጎና አድራሻ ግን አይከተልም። ይህ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ አለው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ቢሮዎች አድራሻቸው ተቀየረ። ፎርማት ያለው ቢሮ አንድ ፋይል አርሞ በዚያው ቀን ጨረሰ። ያለፈውን ደብዳቤ እየከፈተ የሚሠራው ግን የፈረሰውን ሕንፃ አድራሻ ለወራት ይዞ ሊዞር ይችላል።

ፊደሉ

ለአማርኛ ተጠቃሚ ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ጽሑፍ፣ ፎንቱ በሌለበት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርኪ ምርኪ ሆኖ ይመጣል። ዛሬም ከድሮ ፍላሽ የሚወጣ እንዲህ ያለ ፋይል አይጠፋም። አዲስ ፎርማት ስትሠሩ ከእንደዚህ ካለ ፋይል ላይ ኮፒ ፔስት አታድርጉ። በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ይሻላል፤ ግማሽ ገጽ እኮ ነው።

ዩኒኮድ ቢሆንም ሁሉም ነገር አላለቀም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆነ። ኤብሪማ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የእኛን ፊደል ይዟል። ብዙ ጸሐፊዎች ደግሞ ዓይናቸው የለመደው የፓወር ግዕዝን ወይም የቪዥዋል ግዕዝን ቅርጽ ነው፣ የዩኒኮዱንም እትም ይፈልጋሉ። ፎርማቱ ላይ ያለው ፎንት የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ወርድ ሌላ ይተካበታል። ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ስፋቱና የመስመሩ ከፍታ ይለያል። አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆናል፤ «ከሰላምታ ጋር» ብቻውን ማዶ ይሻገራል። ማኅተም ደግሞ ባዶ ገጽ ላይ አይመታም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ማሽን ላይ ያለ ፎንት መምረጥ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚወርዱ ናቸው፣ አይቲው በአንድ ቀን ያዳርሳቸዋል። ሁለተኛ፣ ሴቭ በሚለው የኦፕሽን ገጽ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ ማዘዝ፤ የፎንቱ ፈቃድ ከከለከለ ግን አይሠራም። ከመዝጊያው መስመር በላይ ያለውን አንቀጽም መርጦ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» በሚለው ከመዝጊያው ጋር ማሰር ነው፤ ቢሻገርም ብቻውን አይሻገርም።

ቀንና ቁጥር ቀኝ ዳር የሚቆሙት በስፔስ ባር እየተገፉ ከሆነ ያ ፎርማት አይደለም። ፎንቱ የተቀየረ ቀን «ቀን» አንድ ቦታ፣ «ቁጥር» ሌላ ቦታ ይቆማሉ። መስመሩ የማይታይ ባለሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ አስገቡና ሁለቱን በቀኙ ዓምድ አስቀምጡ፤ አይነቃነቁም።

ቀኑ ሌላ ጣጣ አለው። ወርድ በራሱ የሚያስገባው ቀን የፈረንጁ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ለእሱ ኖቬምበር 22፣ 2023 ነው። ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም፤ ጳጉሜን 3 ለሚወጣ ደብዳቤ ከወርድ የቀን መምረጫ እርዳታ አትጠብቁ። በዚያ ላይ «አፕዴት አውቶማቲካሊ» የሚለው ከተመረጠ ደብዳቤው በተከፈተ ቁጥር የዛሬውን ቀን ይለብሳል። ባለፈው ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ ለማስረጃ ሲፈለግ የዛሬ ቀን ይዞ ቢወጣ ማን ያምናችኋል? ስለዚህ የቀኑ ቦታ በእጅ የሚሞላ ባዶ ሣጥን ይሁን። «የ2016 በጀት ዓመት» የሚል ነገርም ፎርማቱ ውስጥ አይጻፍ፤ ሐምሌ 1 ሲመጣ ማንም አስታውሶ አይቀይረውም።

የወረቀቱን መጠን ሳልነግራችሁ አልለፍ። በአሜሪካ አቀማመጥ የተጫነ ወርድ ባዶ ሰነዱን «ሌተር» በሚባለው መጠን ይከፍታል፦ 216 በ279 ሚሊሜትር። እዚህ ፕሪንተር ላይ ያለው ኤ4 ነው፣ 210 በ297። አንዳንዱ ፕሪንተር ልዩነቱን ሲያይ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል፣ ሰውም የተበላሸ መስሎት ይደበድበዋል።

ወርድ የሌለው ቢሮ

ሊብሬኦፊስ የሚጠቀሙም አሉ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የእሱ ፎርማት «ኦቲቲ» ይባላል። የጋራውን ፎልደር በቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ፓዝስ በኩል ታስገባላችሁ። አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፦ ፎርማቱ ከተለወጠ፣ ከእሱ የተሠራውን የድሮ ሰነድ ስትከፍቱ «ስታይሉን ላድስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጉግል ዶክስ ላይ መሥሪያ ቤቱ የወርክስፔስ አካውንት ካለው የራሱ የፎርማት ማሳያ ይኖረዋል። የሌለው ደግሞ የፋይሉን ሊንክ ጫፍ ላይ «ኤዲት» የሚለውን ቃል «ኮፒ» አድርጎ ይላከው፤ የተላከለት ሰው የራሱን ቅጂ እንዲወስድ ይጠየቃል። ለትንንሽ ማኅበራትና ለዕድር ጸሐፊዎች ይኸው ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ

ከወርድ የተሠራ ሰነድ የተቀዳበትን ፎርማት አድራሻ ይይዛል። ሰርቨሩ ከጠፋ፣ ወይም ፋይሉን ቤታችሁ ወስዳችሁ ከከፈታችሁት፣ ወርድ ያንን አድራሻ ሲፈልግ ይቆያል። ስክሪኑ ይነጣል፣ ሰውም ቫይረስ ነው ይላል። ዴቨሎፐር በሚለው ታብ፣ «ዶክዩመንት ቴምፕሌት» ውስጥ አድራሻውን «ኖርማል» ወደሚባለው የወርድ የራሱ ተራ ፎርማት መመለስ ያድነዋል። ለላፕቶፕ ተጠቃሚ ደግሞ የፎርማቶቹን ቅጂ ዶክዩመንትስ ውስጥ ባለው የግል ፎልደር ማስቀመጥ ይበጃል። ሰርቨሩ ቢዘጋም ላፕቶፑ ባትሪ አለው።

ቅጂ ባለበት ግን የድሮ ቅጂ ይኖራል። የቻለ መሥሪያ ቤት በገጹ ግርጌ፣ በ8 ፖይንት፣ «ፎርማት 4፣ ሐምሌ 2016» የምትል መስመር ያስገባል። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ቁጥር ከመስጠቷ በፊት ያቺን መስመር ታያለች። «ፎርማት 2» ካለ ደብዳቤውን አልመዘግብም ብላ ትመልሰዋለች።