ቡኪት ብራውን፦ ስለ ቻይናውያኑ መካነ መቃብርና ስለ አስጎብኚዎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲንጋፖር ውስጥ፣ ከሰማይ ጠቀሶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍና ሐረግ የዋጠው ኮረብታማ ስፍራ አለ። ቡኪት ብራውን ይባላል። ከ1922 እስከ 1973 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቻይናውያን መቀበሪያ ነበር፤ 100,000 ያህል መቃብሮች አሉበት። በ2011 መንግሥት ባለ ስምንት መስመር መንገድ በመካከሉ ሊያሳልፍ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ጥቂት ነዋሪዎች ተሰባስበው ሕዝቡን በእግር እየመሩ ማስጎብኘት ጀመሩ። «ብራውኒዎች» በሚል ቅጽል ይታወቃሉ። ስለ ቦታውም ስለ ጉብኝቱም ከሩቅ የሚባለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ልክ አይደለም።

«መቃብር መጎብኘት ሙታንን መድፈር ነው»

ይህን የሚል ሰው ለሙታን ክብር ተቆርቁሮ ስለሆነ በደንብ ሊመለስለት ይገባል። በቻይናውያን ዘንድ ዘመድን በመቃብሩ መጠየቅ የልጅነት ግዴታ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል 4 ወይም 5 ላይ በሚውለው በቺንግሚንግ በዓል ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመጣል፤ አረሙን ይነቅላል፣ ድንጋዩን ያጥባል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ዕጣን ያጨሳል። ከዚያ ባለ ቀለም ወረቀት ጉብታው ላይ በትኖ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ይጭንበታል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ይህ ሟች ጠያቂ እንዳለው ያውቃል። በዚህ ባህል የሚያሳዝነው ማንም የማይደርስበት፣ ሣር የበላው መቃብር ነው።

ጎብኚውም እንደፈለገ አይሆንም። ጉብታ ላይ አይወጣም፣ የቀረበ መሥዋዕት አይነካም። ከብዙዎቹ መቃብሮች ጎን የምትታየው ትንሽ ድንጋይ የመሬቱ ጠባቂ አምላክ ስፍራ ናትና እሷም ትከበራለች። በጨለማ ሰው ለማስፈራራት የሚደረግ የመናፍስት ጉብኝት የሚመስለውም ተሳስቷል፤ የሚነገረው ታሪክ ነው።

«የተቀበሩት ሀብታሞችና ታዋቂዎች ብቻ ናቸው»

እርግጥ ታላላቆቹ ዓይን ይስባሉ። የነጋዴው የኦንግ ሳም ሊዮንግ መቃብር ብቻውን 600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆች ለወላጆቻቸው ስለከፈሉት መሥዋዕትነት የሚተርኩት 24ቱ ጥንታዊ ታሪኮች በድንጋይ ተቀርጸውበታል። በምዕራብ ሲንጋፖር ያለው የቡን ሌይ ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚሁ ከተቀበረው ነጋዴ ከቹ ቡን ሌይ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሊ ኳን ዩ አያት ሊ ሁን ሊዮንግም እዚህ ናቸው።

የቦታው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀድሞ ቻይናውያን በአብዛኛው የሚቀበሩት በየጎሳቸውና በየቋንቋቸው ማኅበር መሬት ነበር። ይህ ስፍራ ራሱ የኦንግ ጎሳ ይዞታ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የቻይናውያን አባላት፣ በተለይም ታን ኬም ሆክና ሲ ቲዮንግ ዋ፣ ጎሳ ሳይለይ ቻይናዊ ሁሉ የሚቀበርበት ቦታ እንዲኖር ተከራከሩ፤ በ1922 ተከፈተ። ድሆች የሚያርፉበት ክፍልም ነበረው። እኔን ከታላቁ ሐውልት ይልቅ የሚነካኝ ስምና ቁጥር ብቻ የቀረው ትንሽ ድንጋይ ነው።

«ብራውን የሚባለው እንግሊዞች ስለተቀበሩበት ነው»

አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮረብታው ባለቤት በነበረው በመርከብ ነጋዴው በጆርጅ ሄንሪ ብራውን ስም ተጠራ። «ቡኪት» በማላይኛ ኮረብታ ነው። ሆኪየን የተባለው የቻይንኛ ዘዬ ተናጋሪዎች «ኮፒ ሱዋ» ይሉታል፤ የቡና ኮረብታ ማለት ነው።

«ጥምጥም ያደረጉት ሐውልቶች ሕንዶች መቀበራቸውን ያሳያሉ»

በአንዳንድ መቃብሮች ግራና ቀኝ የሲክ (ጥምጥም የሚያደርጉ የአንድ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች) ወታደር የሚመስሉ የድንጋይ ምስሎች ቆመዋል፤ የተቀበሩት ግን ቻይናውያን ናቸው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የባንክና የባለጸጋ ቤት ዘበኛ ብዙ ጊዜ ሲክ ነበር። ቤተሰቡም በሕይወት ሳለ በሩን ይጠብቅለት የነበረውን ሰው አምሳል ለሟቹ አቆመለት። ከጎናቸው የቻይና ድንጋይ አንበሳ፣ ከበታቻቸው ደግሞ ባለ አበባ የአውሮፓ ወይም የጃፓን ሴራሚክ ሊኖር ይችላል። የወደብ ከተማ ሰው ሞቱንም ከየአገሩ በመጣ ነገር ያስጌጥ ነበር።

«ቻይንኛ የማያነብ ምንም አይገባውም»

አስጎብኚ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በብዙ ድንጋዮች ላይ የሟቹ ስም መሃል ላይ ይቆማል፤ ቻይና ያለው የትውልድ ቀዬው፣ የሞተበት ዘመን፣ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ስም ዙሪያውን ይሰፍራል። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ያደገ የኛ አንባቢ ዓመቱን ሲያሰላ አይቸገርም። የቻይና ሪፐብሊክ አቆጣጠር ከ1912 ስለሚነሳ፣ 20 የሚል ካለ 1911 ይደመርበትና 1931 ይሆናል። ከዚያ የቆየው በንጉሠ ነገሥት ዘመን የተጻፈ ነው። 2602 የሚል የተገኘ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ የጃፓን ንጉሣዊ አቆጣጠር ነው፣ 1942 ማለት ነው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ጃፓኖች ከተማዋን ያዙ፤ በእነዚሁ ኮረብታዎች ላይም ውጊያ ነበር። ድል አድራጊው በሟቹ ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን ቀን ሳይቀር ለወጠው።

«መንገዱ ስለተሠራ ሁሉም ነገር አልቋል»

መንገዱ በ2018 ሎርኒ አውራ ጎዳና ተብሎ ተከፈተ። ከ4,000 በላይ መቃብሮች ተነሡ፣ አፅማቸው ፈለሰ። ጉዳቱን ማቃለል አይገባም። የቀረው ግን እጅግ ብዙ ነው። ቦታው በ2014 ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ባወጣው፣ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሆኖም መንግሥት ለወደፊቱ ለመኖሪያ ቤት ያሰበው መሬት ስለሆነ ዋስትና የለውም። ሲንጋፖር ጠባብ ደሴት ናት፤ ዛሬ የሚቀበር ሰው እንኳን ከ15 ዓመት በኋላ አፅሙ ይነሣል። ቢሻን የሚባለው ሰፈርም የቆመው ከደቡብ ቻይና በመጡት በካንቶናውያን መካነ መቃብር ላይ ነው።

«አስጎብኚዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው፣ ጉብኝቱም ለቱሪስት ነው»

በየሥራቸው የሚተዳደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚመሩት ጉብኝት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃም ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ቅድመ አያቱ የት እንዳረፈ የማያውቅም አለ። የቀብር መዝገቡ በሲንጋፖር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በስሙና በተቀበረበት ቀን የመቃብሩ ቁጥር ይፈለጋል፣ ቁጥሩ ወደ ክፍሉና ወደ ረድፉ ይመራል። የቀረው ጫካውን እየገለጡ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ የድንጋይ ችካል ከሣሩ ሥር መፈለግ ነው።