የመጀመሪያ ዱዋትሎን በነፋስ ቀን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዱዋትሎን ማለት ሩጫ፣ ሳይክል፣ ከዚያ እንደገና ሩጫ ነው። ዋና የለበትም። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው ስፕሪንት በሚባለው አጭር ውድድር ነው፦ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 2.5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። መደበኛው የዚህ እጥፍ ነው። በስዊዘርላንድ ዞፊንገን የሚካሄደው ፓወርማን ደግሞ ለብዙ ዓመታት 10 ኪሎ ሜትር አስሩጦ፣ 150 ኪሎ ሜትር ሳይክል አስነድቶ፣ መጨረሻ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ሲያስሮጥ የኖረ ጉድ ነው። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ውድድሩ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ሰው ሁሉ የአየር ትንበያ ማየት ይጀምራል። ትንበያው ነፋስ ካለ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አብዛኛው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ነው። ትክክል ግን አይደለም።

«ደርሶ መልስ ስለሆነ ነፋሱ ይካካሳል»

ይሄ የአመለካከቶቹ ሁሉ አባት ነው። ስትሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ያግዛችኋል፣ ሂሳቡ ዜሮ ይሆናል ይባላል። እስቲ እናስላው።

ነፋስ በሌለበት ቀን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ 20 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ ትጨርሳላችሁ። አሁን ነፋሱ ስትሄዱ 10 ቀንሶ፣ ስትመለሱ 10 ጨመረላችሁ እንበል። ከዚህ በላይ ፍትሐዊ ነፋስ የለም። መሄጃው 10 ኪሎ ሜትር በ20 ፍጥነት 30 ደቂቃ ወሰደ። መመለሻው በ40 ፍጥነት 15 ደቂቃ። ድምር 45። አምስት ደቂቃ የት ገባች? በነፋሱ የተጎዳችሁበት ጊዜ ከታገዛችሁበት ጊዜ እጥፍ ስለሆነ ነው።

በዚያ ላይ የአየር ግፊያ እንደ ፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በ25 እየነዳችሁ 20 የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ሰውነታችሁን የሚመታው አየር 45 ነው። ግፊያው ነፋስ ከሌለበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

የጀርባ ነፋስን እውነተኛ ስጦታ ማየት ከፈለጋችሁ መንገዱ መመለሻ የሌለው መሆን አለበት። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የቦስተን ማራቶን ጀርባ እየገፋ በሚነፍስ ነፋስ ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ 2:03:02 ሮጠ። የእኛው ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም በ2:04:53 ሦስተኛ ወጣ። የሙታይ ሰዓት በወቅቱ ኃይሌ በበርሊን ከያዘው የ2:03:59 የዓለም ክብረ ወሰን በ57 ሰከንድ ይፈጥናል። ግን አልጸደቀም። በሕጉ መሠረት የመነሻና የመድረሻ ቦታ በቀጥታ ሲለካ ርቀቱ ከውድድሩ ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ቦስተን ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሮጥበት፣ ቁልቁለቱም ከተፈቀደው የሚበልጥ መንገድ ነው። የአትሌቲክስ ሰዎች ነፋስ ምን ያህል እንደሚያግዝ ጠንቅቀው ያውቃሉ ማለት ነው።

ስለዚህ በነፋስ ቀን የራሳችሁን የድሮ ሰዓት እርሱት። ከጎረቤታችሁ የባለፈው ዓመት ሰዓት ጋርም አትወዳደሩ።

«የጠፋው ጊዜ የሚመለሰው ጀርባ ሲነፍስ ነው»

ሰው ነፋስ ሲያግዘው ደስ ይለዋል፣ ይጫናል። እዚያ ላይ ግን ተጨማሪ ጉልበት ብዙ አይገዛም፤ ፍጥነቱ ቀድሞውኑ ከፍ ብሏል፣ መንገዱም ቶሎ ያልቃል። ጉልበት የሚያዋጣው ቀስ ብላችሁ በምትሄዱበት በኩል ነው። የፊት ነፋስ ላይ ትንሽ ጫን፣ የጀርባ ነፋስ ላይ ትንሽ ለቀቅ።

«ትንሽ» የምለው ግን የምሬን ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰዓቱ ላይ 19 የሚል ቁጥር ያያል፤ «እኔ እኮ 30 ነጂ ነኝ» ይልና ከነፋሱ ጋር ግብግብ ይገጥማል። ለሁለተኛው ሩጫ የተቀመጠው እግር እዚያው ያልቃል። በነፋስ ቀን የፍጥነት ቁጥር ዋሽቶ ያጣላል። ትንፋሻችሁን ስሙ። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ መጨረስ ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ማርሹን አቅልሉ፣ ፔዳሉ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ይዙር፣ ፍጥነቱ የፈለገውን ይሁን።

«የሚያስፈራው የፊት ነፋስ ነው»

የፊት ነፋስ ያደክማል እንጂ አይጥልም። የሚጥለው የጎን ነፋስ ነው፣ በተለይ ድንገት እየመጣ የሚሄደው።

ነፋስ ከግራ ሲመታችሁ ሳታውቁት ወደ ግራ ታጋድላላችሁ። መንገድ ዳር አጥር ወይም የቆመ አውቶቡስ ሲመጣ ነፋሱ ይከለላል፤ የምትደገፉበት ነገር ስለሚጠፋ ሳይክሉ ወደ ግራ ይስባል። አጥሩ ሲያልቅ ደግሞ በአንዴ ይመታችሁና ወደ ቀኝ ትወረወራላችሁ። አጠገባችሁ ሌላ ሰው ካለ ጉድ ይፈላል። ልምድ ያለው ነጂ ከአጥሩ ማለቂያ በፊት አሻግሮ ያያል፦ ሳሩ ወዴት ተኝቷል? ባንዲራው ወዴት ነው የሚውለበለበው? አቧራው ከየት ነው የሚነሳው?

ሲመታችሁ መሪውን አንቃችሁ አትያዙ። የደነደነ ክንድ እያንዳንዷን ግፊት ወደ ፊት ጎማ ያስተላልፋል። ክርናችሁን አጠፍ፣ ትከሻችሁን ዝቅ አድርጉ። ክንድ አስተኝተው የሚነዱበትን ተጨማሪ መያዣ ገና ካልለመዳችሁ በዚያ ቀን አትንኩት፤ ፍሬኑ ከእጃችሁ ይርቃል።

ቸርኬውም ነገር አለው። ጎኑ ሰፊ የሆነ የካርቦን ቸርኬ ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ ለጎን ነፋስ ግን ሸራ ማለት ነው። በተለይ ከፊት ሲሆን መሪውን ራሱን ይጠመዝዛል፤ ቀላል ክብደት ያለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። በሃዋይ ኮና በሚካሄደው የአይረንማን (ረጅም የዋና፣ የሳይክልና የሩጫ ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና ጎኑ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ቸርኬ በነፋሱ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል። እዚያ የሚወዳደሩት የዓለም ምርጦች ናቸው። ጓደኛ «ላውስህ» ቢላችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ።

«ከሰው ኋላ ተደብቄ አልፈዋለሁ»

በሩጫው ላይ አዎ፣ በሳይክሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ለጀማሪዎች ክፍት በሆኑ አብዛኞቹ ውድድሮች ድራፍቲንግ፣ ማለትም ከፊት ባለው ሰው ጥላ ተከልሎ መንዳት፣ ክልክል ነው። ርቀቱን የየውድድሩ ደንብ ይወስነዋል፤ 10 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለማለፍ ከገባችሁ ሳትዘገዩ ማለፍ አለባችሁ፤ የታለፈው ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። ዳኛ በሞተር ሳይክል ይዞራል፤ ቅጣቱ ጊዜ ነው፣ አንዳንዴም መባረር። ድራፍቲንግ የሚፈቀድባቸው ውድድሮችም ስላሉ ደንቡን ሳታነቡ አትሂዱ።

በሩጫ ግን ተደበቁ። አሯሯጭ ለምን ከፊት እንደሚሆን እኛ አገር ለማንም አይነገርም። ኪፕቾጌ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ማራቶንን በ1:59:40 ሲጨርስ እየተቀያየሩ የከበቡት አሯሯጮች አንዱ ሥራቸው አየሩን መስበር ነበር። በመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር ነፋሱ ከፊት ከመጣ ቡድን ውስጥ ግቡ። አምስት ሰከንድ ለማትረፍ ብቻችሁን ወጥታችሁ ለሌላው መከለያ አትሁኑ። ነፋሱ ከግራ ከሆነ ከፊታችሁ ካለው ሰው ትንሽ ወደ ቀኝ ሁኑ፤ ጥላው እዚያ ነው የሚወድቀው።

«ሯጭ ነኝ፣ ሳይክሉን እንደምንም እገፋዋለሁ»

የሯጭ አገር ልጆች ስለሆንን ይሄን አዘውትረን እንላለን። ከላይ ያለውን ሂሳብ ተመልከቱ፦ በስፕሪንት ውድድር 5 ኪሎ ሜትሩን በ25 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በሳይክሉ ላይ 45 ደቂቃ ያሳልፋል። ነፋስ ሲጨምር የሚረዝመው በዋናነት ይሄኛው ክፍል ነው። እንደምንም ተገፍቶ የሚያልቅ አይደለም።

«ውድ ሳይክል ከሌለ ነፋስ አይቻልም»

ይቻላል። ነፋሱን በዋናነት የሚቀበለው ሳይክሉ ሳይሆን ሰውነታችሁ ነው። ክርን አጥፎ ዝቅ ማለት በነፃ ነው። የሚውለበለብ ሰፊ ጃኬት አውልቁ። የደረት ቁጥራችሁን በላስቲክ ቀበቶ እሰሩት፤ ደንቡ ስለሚለያይ ብትጠይቁም፣ ብዙ ጊዜ ሳይክል ላይ ወደ ጀርባ፣ ሩጫ ላይ ወደ ፊት ይዞራል። በመርፌ ቁልፍ ሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘ ቁጥር መንገዱን ሙሉ ደረት ላይ ሲያጨበጭብ ይውላል።

«ነፋስ ስላለ አይጠማም»

ነፋስ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቅ ያላባችሁ አይመስላችሁም። ውሃው ግን ወጥቷል። ሌላው ተንኮል የጀርባ ነፋስ ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሮጣችሁ 12 የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ከመጣ ፊታችሁ ላይ አንድም አየር አይደርስም። ቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን ላይ እንዳላችሁ ነው። ከሳይክል በወረዳችሁበት ሰዓት ይሄ ከመጣ ሙቀቱ ያፍናል። ሳይክል ላይ እያላችሁ ጠጡ፤ ግን እጅ ከመሪ የምታነሱት ነፋሱ በተከለለበት ቦታ ይሁን።

«ነፋስ ባለበት ቀን ልምምድ ይለፈን»

እንዲያውም ያን ቀን ነው መውጣት። የአዳማ ልጅ በዚህ ዕድለኛ ነው፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ያለምክንያት አይደለም። መቐለም አጠገቧ 120 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ፣ ሳይክልም ባህሏ ነው። አዲስ አበባ ተለማምዳችሁ ዱባይ ወይም ሆላንድ የምትወዳደሩ ከሆነ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ግፊያውም ያንሳል። እዚያ ወርዳችሁ ያው ነፋስ ሲመታችሁ ይከብዳል።

ለልምምድ ባዶ መንገድ ምረጡ። መኪና የሚበዛበት ጠባብ መንገድ ላይ የጎን ነፋስ መለማመድ ጀግንነት አይደለም።

ትንሿ ቀሪ ነገር ትራንዚሽን የሚሉት መለወጫ ቦታ ነው። «ዕቃ አስቀምጬ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ሲመለስ መነጽሩን ከሦስት ሳይክል ማዶ ያገኘዋል። ጓንትና መነጽር ሄልሜት ውስጥ፣ ሄልሜቱ ደግሞ ማሰሪያው በመሪው ላይ ተጠልፎ ይቀመጥ። ከሩጫ ስትመጡ መጀመሪያ ሄልሜቱን አድርጋችሁ ቆልፉ፤ ሳይቆልፉ ሳይክል ከማቆሚያው ማንሳት ያስቀጣል። ለሁለተኛው ሩጫ ያዘጋጃችሁትን ኮፍያ ጫማ ውስጥ ወትፉት፤ ስታደርጉትም የፊት ነፋስ ካለ ወደ ኋላ አዙሩት።