«ምንጭ ይጠቀስ» ምንድን ነው?

አንድ ሰው ማታ ከሥራ መልስ ዊኪፔዲያ ላይ የትውልድ ከተማውን ገጽ ይከፍታል እንበል። ገጹ አጭር ነው። ከተማይቱ የት እንደምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ከፍ እንደምትል፣ ገበያዋ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይናገርና ያበቃል። ማን እንደቆረቆራት ግን የተጻፈ ነገር የለም። እርሱ ደግሞ ያውቃል፤ አያቱ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ቢያንስ ሃያ ጊዜ ነግረውታል። ስለዚህ «አርም» የሚለውን ይጫንና ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጨምራል፦ የቆርቋሪውን ስም፣ ዘመኑን፣ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበትን ምክንያት። በማግስቱ ሲመለስ ከሦስቱ አንዱ የለም። በቀሩት በሁለቱ ጫፍ ላይ በቅንፍ የታጠረች ትንሽ ጽሑፍ ተሰክታለች፤ «ምንጭ ይጠቀስ» ትላለች።

ንዴቱ ወዲያው ይመጣል። «ተወልጄ ያደግሁበትን አገር ለእኔ የሚነግረኝ ማን ነው?» ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ምልክቷ ስለ እርሱ ምንም አላለችም። ዋሽተሃል አላለችም፤ አታውቅም አላለችም። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ስማችንን ሲጽፍ ሌባ ብሎ እንደማይሰድበን ሁሉ፣ ይህችም የምትመዘግበው ያልተከፈለ ዕዳን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው እትም ምልክቷ የተለጠፈችበትን ወርና ዓመት ጭምር ስለምትይዝ፣ ዕዳው ስንት ዘመን እንደቆየ ማንም ሊያይ ይችላል።

ዕዳው የሚከፈለው ለአንባቢ ነው። አንባቢ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሄዶ የሚያየው መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ከነገጹ ሊነገረው ይገባል። ደንቡ ይኸው ነው፤ የተጻፈው ነገር ሊረጋገጥ የሚችል ይሁን። ከዚህ ጋር ሁለት ወንድሞች አሉት። አንዱ ለማንም ሳያዳሉ መጻፍ ነው፤ ሌላው የራስን አዲስ ምርምር በመዝገበ ዕውቀቱ ላይ አለማውጣት ነው። በእኔ ግምት ግን አዲስ አርታኢ መጀመሪያ የሚጋጨው ሁልጊዜ ከምንጭ ጋር ነው።

ደንቡ ለምን እንዲህ ጠበቀ? መልሱ ከአወላለዱ ይጀምራል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ዊኪፔዲያን እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 ከመክፈታቸው በፊት ኑፒዲያ የሚባል ሌላ መዝገበ ዕውቀት ነበራቸው። እዚያ የሚጽፉት ባለሙያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በብዙ ደረጃ ይመረመር ስለነበር ሥራው እንደ ኤሊ ይጓዝ ነበር። ዊኪፔዲያ በሩን ለሁሉም ከፈተና ፈጠነ። በሩ ሲከፈት ግን የጸሐፊው ማንነት ዋስትና መሆኑ ቀረ። በድሮው መዝገበ ዕውቀት ከጽሑፉ ሥር የፕሮፌሰሩ ፊርማ ነበረ። እዚህ «ጸሐፊው እገሌ ነው» ቢባል እንኳ እውነት እገሌ መሆኑን ማን ያውቃል? ስለዚህ ክብደቱ ከጸሐፊው ትከሻ ወርዶ በምንጩ ላይ ዐረፈ። በፍርድ ቤት ቋንቋ የማስረዳት ሸክሙ ነገሩን ባመጣው ሰው ላይ ነው፤ ነቃፊው «ውሸት ነው» ብሎ የማስረዳት ግዴታ የለበትም።

የእንግሊዝኛው ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ መግቢያው ላይ መለኪያው መረጋገጥ መቻል እንጂ እውነትነት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገር ነበር። ብዙ ሰው ስለደነገጠ አነጋገሩ ለዘብ ተደረገ። እኔ በበኩሌ የድሮው ይሻለኝ ነበር። ማስደንገጡ ነው ጥቅሙ፤ «እውነት እኔ ዘንድ ነው» ብሎ የሚገባውን ሰው ደጃፉ ላይ ያስቆመዋል።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ በዚህ ደጃፍ ላይ ቆሟል። አንዱ ልብ ወለዱ በማን ሕይወት መነሻነት እንደተጻፈ የሚገልጸው የዊኪፔዲያ ገጽ ክፍል የተሳሳተ መሆኑን አይቶ እንዲታረም አስጠየቀ። የተሰጠው መልስ ደራሲው ስለ ሥራው ከማንም በላይ እንደሚያውቅ የሚያምን፣ ነገር ግን ሌላ ምንጭ የሚጠይቅ ነበር። ሮዝ ተናደደና በዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ድረ ገጽ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ሲታተም ደግሞ ራሱ ሊጠቀስ የሚችል ምንጭ ሆነ። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን አስቡት፤ በኮምፒውተሩ ማዶ ያለው በጎ ፈቃደኛ የሚያነጋግረው ሰው እውነት የሮዝ ወኪል መሆኑን በምን ይለያል? የታተመ ደብዳቤ ግን ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ያሳተመው አካልም ይታወቃል።

ምንጭ ሳይጠየቅ ሲታለፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይህኛው ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮዋቲ ስለሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚናገረው ገጽ ላይ፣ እንስሳው «የብራዚል አዋልዲጌሳ» ተብሎም እንደሚጠራ ጨመረ። ስሙን የፈጠረው ራሱ ነው፤ ኮዋቲና አዋልዲጌሳ ዝምድና የላቸውም፣ አዋልዲጌሳ የእኛው የአፍሪካ እንስሳ ነው። ማንም ምንጭ አልጠየቀም። ውሎ አድሮ የእንግሊዝ ጋዜጦች ስሙን ይጠቀሙበት ጀመር። ቀጥሎ ከጋዜጦቹ አንዱ ለዚያው ገጽ ምንጭ ሆኖ ተጠቀሰ። ወሬው ዞሮ ለራሱ እማኝ ሆነ ማለት ነው። አማርኛችን አሉባልታ ያለው ይህን ዓይነቱን መሆን አለበት።

በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሲሆን ግን ሳቁ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በሚናገረው ገጽ ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ ሲገንታለር በጆንና በሮበርት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር ጻፈ። ፈጽሞ ውሸት ነበር። ከአራት ወር በላይ እዚያው ቆየ። ሲገንታለር ነገሩን በጋዜጣ ካወጣው በኋላ በእንግሊዝኛው እትም ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ መክፈት ተከለከለ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከተው ጥብቅ ደንብም ተከተለ። ዛሬ ስለ ሕያው ሰው ምንጭ የሌለው ክፉ ነገር ከተጻፈ «ምንጭ ይጠቀስ» ተብሎ አይጠበቅም፤ ወዲያው ይፋቃል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ምንጭ ይፈልጋል? አይፈልግም። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ናት ለማለት መጽሐፍ መጥቀስ ለዛ ማጣት ነው። ቃል በቃል የተወሰደ ንግግር፣ የተነቀፈ ወይም ሊነቀፍ የሚችል ነገር ግን የግድ ይፈልጋል። የከተማ ቆርቋሪ ማንነት ከዚህ ወገን ነው፤ በእኛ አገር የሁለት ወገን ልጆች ሁለት ቆርቋሪ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ሁለቱም በታተመ መጽሐፍ ካሉ ደግሞ አርታኢው ዳኛ አይሆንም፤ ሁለቱንም ከነምንጫቸው ያስቀምጣል። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሕዝብ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» ማለት ሊከብደው አይገባም ነበር፤ ዳሩ ግን ይከብደናል።

ወደ ተናደደው ሰውዬ እንመለስ። ምንጭ ፍለጋ ሲነሳ የአማርኛ አንባቢን የሚጠብቁ የራሳችን ጉድጓዶች አሉ።

አንደኛው «ምንጩ እንግሊዝኛ መሆን አለበት» የሚለው የተሳሳተ እምነት ነው። በእንግሊዝኛው እትም እንኳ የአማርኛ መጽሐፍ ሙሉ ምንጭ ነው። እኩል ጥራት ያለው የእንግሊዝኛ ምንጭ ካለ ይመረጣል እንጂ ከሌለ አማርኛው ይበቃል፤ ምናልባት አንድ ሰው ቃሉን ከነትርጉሙ እንዲያስቀምጥ ይጠይቀው ይሆናል። ምንጩ በኢንተርኔት መገኘትም የለበትም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ ቢገኝ እንኳ ቀኑና ገጹ እስከተጻፈ ድረስ ሕጋዊ ነው።

የአሳታሚ ነገር ግን ከባድ ነው። ደንቡ ጸሐፊው በራሱ ያሳተመውን ሥራ በጥርጣሬ ያያል፤ ሌላ ዓይን አላየውምና። የፌስቡክና የቴሌግራም ጽሑፍ በዚህ ይወድቃል፣ ይገባዋልም። ችግሩ በእኛ አገር እጅግ ብዙ ቁም ነገረኛ መጽሐፍ፣ በተለይ ትዝታና የአካባቢ ታሪክ፣ በደራሲው ወጪ የታተመ መሆኑ ነው። አዲስ አርታኢዎች አሳታሚ በሚለው ቦታ «ብርሃንና ሰላም» ብለው ሲሞሉ አያለሁ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው፤ የተከፈለበትን ያትማል እንጂ ለይዘቱ ዋስ አይሆንም። ደራሲው በመስኩ የታወቀና ሥራዎቹ በሌሎች አሳታሚዎች የወጡለት ባለሙያ ከሆነ መጽሐፉ ሊያልፍ ይችላል። ካልሆነ ግን መሐንዲሱም፣ ጡረተኛው መምህርም፣ ፊታውራሪውም ደጅ ይቀራሉ። ይህን ፍትሐዊ ነው ለማለት አልደፍርም።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ያለማንም ክፋት ስሕተት ይወልዳል። ዓድዋ በአማርኛ መጻሕፍት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1896። «1888» ብቻ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረ ሰው ጦርነቱን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያውም ከውጫሌ ውል በፊት! ምንጭ ሲጠቀስ ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. መጻፍ የግድ ነው። የማጣቀሻው ቅጽም የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው አባታቸው መጽሐፉን የጻፉት ይመስላል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ በአንድ ምሽት ይለመዳሉ።

የማይለመደው የአያቱ ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን የምንተርት ሕዝብ፣ ብዙው ዕውቀታችን አሁንም በቃል ነው ያለው። ጉዳዩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አቻል ፕራባላ የተባለ ሕንዳዊ ጸሐፊና ባልደረቦቹ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ መንደሮች እየዞሩ ሰዎችን በድምፅ ቀርጸው፣ ቅጂውን እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሞክረው ነበር። የልጆች ጨዋታና የአገር መጠጥ በመሳሰሉት ላይ የታተመ ጽሑፍ ከየት ይመጣል? ሙከራው ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ ቀርጾ ያመጣው አርታኢው ራሱ ከሆነ ያ አዲስ ምርምር ነው ተባለ። ተቃውሞው ትክክል ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን መጽሐፍ የበዛለት ሕዝብ አይደለም። እንግሊዝኛው እትም ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ አማርኛው «ውክፔዲያ» በዐሥራ አምስት ሺህ አካባቢ ነው። ዕዳ ጠያቂውም ከፋዩም ጥቂት ስለሆነ በአማርኛው ብዙ ዐረፍተ ነገር ምንጭም ምልክትም ሳይኖረው ይኖራል።

ታዲያ ሰውዬው ምን ያድርግ? የጠፋውን ዐረፍተ ነገር መልሶ መላልሶ አይለጥፍ፤ በእንግሊዝኛው እትም በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሻረ ሊታገድ ይችላል። «ውይይት» በሚለው ገጽ ከየት እንደሰማው ይጻፍ፤ መጽሐፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሊያልፍ ይችላል።

አዲስ አበባ ካለ ደግሞ ስድስት ኪሎ ይውጣ። ገነተ ልዑል በነበረው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የየአውራጃውንና የየከተማውን ታሪክ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሽማግሌ ጠይቀው፣ አንዱን ቃል ከሌላው አስተያይተው። ለማስተርስ የተጻፈ ጥናት ብቻውን ጠንካራ ምንጭ ሆኖ ላይቆጠር ይችላል፤ ግን ወደ ታተሙት መጻሕፍትና መጽሔቶች ይመራል። ጥናቱን ሲጨርስ የመጨረሻዎቹን ገጾች አይለፋቸው። እዚያ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። ምናልባት የአያቱን ስም ያገኝ ይሆናል።