ስለ ጋራ ዜግነት ድሬ ላይ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ዘመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ፓስፖርት የያዘ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ታላቅ ወንድም ጅቡቲ፣ እህት ጀርመን፣ አክስት ሐርጌሳ፣ አያት ደግሞ ከየመን መጥተው እዚሁ ያረጁ። ከተማዋ ስትቆረቆርም እንዲሁ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ግሪኩም አርመኑም ሕንዱም ዓረቡም ተከትሎት መጣ። ስለዚህ ብዙ አገሮች ስለሚጋሩት ዜግነት እዚህ ቡና ሲጠጣም ጫት ሲቃምም ይወራል። ግን ከሚወራው ብዙው ስህተት ነው። በዚህ ስህተት ተመርቶ ሰው ንብረት ይገዛል፣ የልጁን ወረቀት ሳያስተካክል ጊዜ ያልፍበታል፣ ድንበር ላይ ይጉላላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ቢጫ ካርድ ማለት ጥምር ዜግነት ነው»

አይደለም። ይህን በደንብ እንየው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። «ትቻለሁ» ብሎ መፈረም አያስፈልገውም። የአሜሪካን ፓስፖርት ኪሱ ከትቶ የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሁለት ዜግነት የለውም፣ ያለው አንድ ነው።

ቢጫ ካርድ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። የሚሰጠውም የውጭ አገር ዜጋ ለሆነ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ወላጁ፣ አያቱ አለዚያም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ቤት ያስገዛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በካርዱ መምረጥም መመረጥም አይቻልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት መቀጠር አይቻልም። ቀበሌህ ማን እንደሚመራው ካልወሰንክ፣ ቤት ቢኖርህም ለሕጉ እንግዳ ነህ።

የልጆቹ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከአንድ ኢትዮጵያዊና ከአንድ የውጭ ዜጋ ተወልዶ በትውልድ ሁለቱንም ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚይዝ ካላሳወቀ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። አቦ፣ ልጃችሁ 18 እየተጠጋ ከሆነ ይህን ለነገ አታቆዩት። መመለሻው አልተዘጋም፤ አገር ቤት ገብቶ መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተውና ማመልከት ይጠይቃል።

ጎረቤት ሁሉ እንደኛ ነው ብላችሁም አትገምቱ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነት ፈቅዳለች። የሶማሊያ የ2012 እ.ኤ.አ. ጊዜያዊ ሕገ መንግሥትም ሶማሊያዊ የሌላ አገር ዜጋ ስለሆነ ብቻ ዜግነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። እኔ ኢትዮጵያም መፍቀድ አለባት ባይ ነኝ። የእናቱን መድኃኒት በየወሩ ከፍራንክፈርት የሚሸፍን ልጅ ከዚህ አገር የተቆረጠ አይመስለኝም።

«አውሮፓ ወረቀት ያገኘ የአውሮፓ ዜጋ ነው»

ወረቀት ማግኘት የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ነው፤ ዜግነት ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነትን ብራስልስ ሄዶ የሚያመለክትበት መስኮትም የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ስምምነት ነው የፈጠረው፤ የተግባር ዘመኑም በ1993 ጀመረ። መንገዱ አንድ ነው፤ ከአባል አገሮቹ የአንዱ ዜጋ መሆን። ጀርመናዊ የሆነ ወዲያው የኅብረቱም ዜጋ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ በስደተኛነት አሥር ዓመት የኖረ ግን የጀርመን ዜግነት እስካልወሰደ ድረስ የኅብረቱ ዜጋ አይደለም።

«ታዲያ የየአገሩ ዜግነት ጠፋ ማለት ነው» የሚሉም አሉ። የኅብረቱ ሕግ ራሱ ይህ ዜግነት በአገር ዜግነት ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም ይላል። ጣሊያናዊው ጣሊያናዊ ነው። የተጨመረለት ነገር ግን የሚጨበጥ ነው። ሊዝበን ቢኖር ለሊዝበን ከተማ ምክር ቤት ይመርጣል። ጅቡቲ ላይ ፓስፖርቱ ቢጠፋና አገሩ እዚያ ኤምባሲ ባይኖራት፣ የፈረንሳይ ኤምባሲ እንደ ራሱ ዜጋ ሊያግዘው ግዴታ አለበት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይኸኛው ነው።

ሼንገንን፣ ማለትም አገሮች በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩበትን ቀጠና፣ ከኅብረቱ ጋር የሚያምታቱም ብዙ ናቸው። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ሼንገን ውስጥ ናቸው፣ ኅብረቱ ውስጥ ግን የሉም። አየርላንድ በተቃራኒው ኅብረቱ ውስጥ ሆና ሼንገን ውስጥ የለችም።

«የአውሮፓ ዜግነት በገንዘብ ይገዛል»

ማልታ ስትሸጥ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ሕገወጥ ነው ብሎ ዘጋው።

«አንዴ ካገኘኸው ማንም አይነጥቅህም»

ይነጥቃል። እንግሊዝ ጥር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ከኅብረቱ ስትወጣ፣ ሌላ አባል አገር ዜግነት የሌለው እንግሊዛዊ ሁሉ በአንድ ሌሊት የኅብረቱ ዜጋ መሆኑ ቀረ። ፈረንሳይ ውስጥ ለዓመታት የኖሩትም የመምረጥ መብታቸው ሲቀር ፍርድ ቤት ሄደው አልተሳካላቸውም። መንግሥታት ተስማምተው የሰጡት ነገር፣ ስምምነቱ ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል።

እኛ ደግሞ ከዚህ የከፋ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር፣ በአምስት ዓመት ቀደም ብሎ በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ሰዎች የኤርትራ ዜጋ ናችሁ ተብለው ከየከተማው ተባረሩ። ቤተሰብ ተለያየ። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አባራለች። የሁለቱን አገሮች የካሳ ጥያቄ ያየው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎቹ የሁለቱም አገሮች ዜግነት ነበራቸው አለ፤ በጦርነት ጊዜ መንግሥት ሊወስደው የሚችለው እርምጃ እንዳለ ቢቀበልም፣ ዜግነታቸውን ከተነጠቁት በተወሰኑት ላይ የተደረገው በዘፈቀደ ነው ሲል ወሰነ። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ ስንል፣ በክፉ ቀን እንዳይነጠቅ የሚያደርግ ሕግም አብረን መጠየቅ አለብን።

«ለአፍሪካ ይህ ሁሉ ሕልም ነው» እና «የአፍሪካ ፓስፖርት እኮ ወጥቷል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የአፍሪካ ኅብረት ፓስፖርት እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ ይፋ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን የወሰዱት መሪዎች ነበሩ። ተራው ሰው አልደረሰውም። የኅብረቱ የነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮልም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ጸደቀ፤ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየፓርላማቸው ማጽደቅ አለባቸው፣ እስካሁን ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሕልም ብቻ ነው ማለት ግን አያስኬድም። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኢኮዋስ ያለ ቪዛ 90 ቀን መንቀሳቀስን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ማስትሪክት ገና ሳይታሰብ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳም ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲሻገሩ ከተስማሙ ቆይተዋል። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጥር 2025 ከኢኮዋስ ሲወጡ፣ ኢኮዋስ ፓስፖርታቸውን ለጊዜው መቀበሉን እቀጥላለሁ አለ። መሪዎች ቢጣሉም ነጋዴው እንዳይቆም ማለት ነው።

«ድንበር ቢከፈት ድሬ በሰው ትጥለቀለቃለች»

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሥራ እንኳን ለሌላው ለራሳችን ልጅ አልበቃም። ግን አውሮፓን እዩ። 27 አገሮች ተከፍተውለት፣ ከራሱ አገር ወጥቶ በሌላ አባል አገር የሚኖረው የኅብረቱ ዜጋ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። መብቱም ቅድመ ሁኔታ አለው። ከሦስት ወር በላይ ለመቆየት ሥራ፣ ትምህርት ወይም ራስን የሚያኖር ገንዘብ ይጠየቃል፤ ቋሚ ነዋሪ ለመሆንም አምስት ዓመት።

ለእኛ የሚቀርበው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የሆነው የኢጋድ ነው። አባል አገሮቹ የነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮሉን በ2020 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ በሚኒስትሮች ደረጃ ተስማምተውበታል። ከብት ተከትሎ ድንበር ለሚሻገር አርብቶ አደር ደግሞ ሌላ ፕሮቶኮል አብሮ ወጥቷል። በጅቡቲ ድንበር ደወሌ ላይ በየቀኑ የሚያልፈው ሾፌር፣ ጅቡቲ ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን፣ ዝናብ ፍለጋ መንጋውን የሚነዳው የኢሳ አርብቶ አደር፣ ሁሉም ዛሬም ይሻገራሉ። ሕጉ ሲመጣ የሚለወጠው፣ ሲታመሙ ሆስፒታል፣ ደመወዝ ሲከለከሉ ፍርድ ቤት ሳይፈሩ መሄድ መቻላቸው ነው።