ሰዓቱ አልፎም የማይዘጋው ጨረታ

አሜሪካ ውስጥ የድሮ የቤዝቦል ካርድ (የተጫዋች ምስል ያለበት፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ካርድ) የሚሸጡ አጫራቾች አንድ ግራ የሚያጋባ ደንብ አላቸው። ጨረታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ያበቃል ይላሉ። 4 ሰዓት ሲሞላ ግን አያበቃም፤ ተጨማሪ ሰዓት ይጀምራል።

በብዙዎቹ ዘንድ ከዚያ በኋላ መቀጠል የሚችለው ቀድሞ በዚያው ካርድ ላይ ዋጋ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። አድፍጬ በመጨረሻዋ ደቂቃ ልግባ ካላችሁ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ የምትፈልጉት ካርድ ላይ ትንሽም ብትሆን በጊዜ ዋጋ አስገቡ።

ማንም ዋጋ ካልጨመረ ጨረታውን የሚዘጋው ቆጠራ 30 ደቂቃ ነው እንበል። በ29ኛው ደቂቃ አንድ ሰው ከጨመረ እንደገና ከ30 ይጀምራል። ሁለት እልኸኞች ከተገናኙ ሊነጋ ይችላል። አድካሚ ነው፤ ለእኔ ግን ፍትሐዊ ነው። ካርዱን የሚወስደው ጣቱ የፈጠነ ሳይሆን ከልቡ የፈለገው ነው።

ከወዳጅ ሰብሳቢ ጋር «ይሄን ተውልኝ፣ ያንን እተውልሃለሁ» መባባል ጨዋነት ይመስላል። አይደለም። ዋጋ ለማውረድ ተስማምቶ መጫረት በአሜሪካ ሕግ ያስከስሳል።

ኮሚሽኑንም፣ ማለትም ገዢው ካሸነፈበት ዋጋ በላይ ለአጫራቹ የሚከፍለውን፣ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል የ1952 እ.ኤ.አ. ካርድ ዋጋ የገዢውን ኮሚሽን ጨምሮ ነው።