ካፓሲተር ላይ የተፃፈው ቁጥር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ካፓሲተር ቻርጅ የሚያጠራቅም የኤሌክትሮኒክስ እቃ ነው። መርካቶ መለዋወጫ ሱቆች ጋ እሱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ወረቀት ላይ ፅፎ «220 አለ?» እያለ የሚዞር ሰው አይጠፋም፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ የምን አይነት ካፓሲተር ላይ እንደተፃፈ መጀመሪያ ማየት ነው።

«104 ማለት 104 ማይክሮ ነው»
ኧረ በጭራሽ! ትንንሾቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ላይ ያለው ኮድ ነው፣ ሁለቱን የፊት ቁጥሮች እንዳሉ ትወስዱና ሶስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይነግራችኋል፣ የሚወጣው ደግሞ በፒኮፋራድ ነው (ፋራድ የካፓሲተር መለኪያ ነው፣ ሺህ ፒኮ አንድ ናኖ፣ ሺህ ናኖ አንድ ማይክሮ)። 10 ላይ አራት ዜሮ 100,000 ፒኮ፣ ማለትም 100 ናኖ ወይ 0.1 ማይክሮ። 473 እንደዚሁ 47 ናኖ ነው። ስለዚህ ሻጩ 104 ስትሉት 0.1 ቢሰጣችሁ አትጨቃጨቁ፣ ያው ነው።

«220 የትም ቢፃፍ 220 ነው»
እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። ሴራሚክ ላይ 220 በኮዱ ሂሳብ 22 ፒኮ ነው (220 ፒኮ ከሆነ 221 ይባላል)፣ ቦርድ ላይ የምትለጠፈዋ የቆርቆሮ ኤሌክትሮላይቲክ ላይ ግን 220 ከስሩ 16 ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ 220 ማይክሮ 16 ቮልት ማለት ነው፣ ልዩነቱ አስር ሚሊዮን እጥፍ! ይባስ ብሎ አንዳንድ አምራች ሴራሚክ ላይም 220 ብሎ 220 ፒኮ ማለቱ ነው፣ እሱን ያለ መለኪያ መፍረድ አይቻልም። ቢጫዋ ታንታለም የምትባለዋ ካፓሲተር ደግሞ ወደ ኮዱ ትመለሳለች፣ 107 ካለች 100 ማይክሮ ናት።

«ከቁጥሩ ኋላ ያለችው ኬ (K) ኪሎ ናት»
አይደለችም፣ ምን ያህል ከተፃፈው ሊዛነፍ እንደሚችል ነው የምትናገረው፣ ጄ (J) 5 በመቶ፣ ኬ 10፣ ኤም (M) 20። ፊልም ካፓሲተር ላይ 2ኤ104ጄ (2A104J) ካያችሁ 2ኤ የቮልቱ ኮድ ነው፣ 100 ቮልት።

«ሲቢቢ60 (CBB60) ስለሚል 60 ማይክሮ ነው»
ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ፓምፕ የሌለው ግቢ ስንት ነው፣ እና ፓምፑ እምም ብሎ አልነሳ ሲል ካፓሲተሩ ይፈታል፣ ላዩ ላይ ቁጥር በቁጥር ነው። ሲቢቢ60 የአይነቱ ስም ነው። 25/70/21 የሚለውም ዋጋ አይደለም፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ እስከ 70 ዲግሪ ይሰራል፣ 21 ቀን የእርጥበት ሙከራ አልፏል ማለት ነው። 50/60 የመብራቱ ሄርዝ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ማይክሮፋራድ የሚል ምልክት ያለበትን፣ ለምሳሌ 16፣ እና 450 ቮልቱን ነው። ደግሞ ቻርጁን ሳታስለቅቁ እግሮቹን እንዳትነኩ በናታችሁ።

«መስመር ያለበት ሁሌ ኔጌቲቭ ነው»
ኤሌክትሮላይቲክ ላይ አዎ። ታንታለም ላይ ግን መስመሩ ፖዘቲቭ ነው፣ ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ ይቃጠላል።

«ቮልቱ በትክክል ካልገጠመ አይሰራም»
ከፍ ያለ ቮልት ማድረግ ይቻላል፣ ዝቅ ያለ ነው የማይሆነው። የኛ 220 ቮልት መብራት ሬክቲፋይ ሲደረግ (ወደ ዲሲ ሲቀየር) ጫፉ ወደ 310 ቮልት ስለሚደርስ ነው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ 400 የሚል የምታዩት።

«ቡኒዎቹን ትንንሾች በከለራቸው አውቃቸዋለሁ»
ምንም ያልተፃፈባቸውን ሴራሚኮች ማለቴ ነው፣ ከለሩ ዋጋውን አይነግርም። ሞባይል ጠጋኞች ስኬማቲክ (የቦርዱን የሰርኪት ንድፍ) ይከፍታሉ ወይ ከቦርዱ አንስተው ይለካሉ፣ ሳይነሳ ከተለካ ጎኑ ያሉትም አብረው ስለሚቆጠሩ።