የስንቅ መርከቦቹ፦ የአሜሪካ የባሕር መብራት አገልግሎት መርከበኞችና ቤተሰቦች በ1920ዎቹ

ስለ ባሕር መብራት ማማዎች ብዙ ተጽፏል። ማማው ፎቶ ላይ ያምራል፤ ፂሙን ያሳደገ ጠባቂ ፋኖስ ይዞ ደረጃ ሲወጣ ደግሞ ወሬው ራሱ ይጣፍጣል። ላምባውን፣ ከሰሉን፣ ቀለሙንና ደብዳቤውን ስታመላልስ የኖረችው መርከብ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፣ ከወዲሁ ልናገር። ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት የባሕር መብራቶቹን በእጁ ያስገባው በ1789 ነው። ከ1852 ጀምሮ በአብዛኛው የባሕር ኃይልና የጦር ሠራዊት መኮንኖች የተቀመጡበት ቦርድ ያስተዳድራቸው ነበር። በ1910 ቦርዱ ፈረሰና የሲቪል መሥሪያ ቤት ተተካ። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆርጅ ፑትናም ሲሆን እስከ 1935 ድረስ ከወንበሩ አልተነሣም። በ1920ዎቹ መሥሪያ ቤቱ በንግድ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ሚኒስትሩም ለአብዛኛው ጊዜ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነበር። በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ላይ አገልግሎቱ ማማውንም፣ ተንሳፋፊ ምልክቱንም፣ የጭጋግ ደወሉንም አንድ ላይ ከ16 ሺህ በላይ የባሕር መንገድ ምልክቶች ነበሩት። በጊዜው በዓለም ላይ የሚያህለው አልነበረም። ይህን ሁሉ በሕይወት ያቆዩት ደግሞ የስንቅ መርከቦቹ ናቸው፤ በእነሱ አጠራር ቴንደሮቹ።

የመጀመሪያዋ በእንፋሎት የምትሄድ ቴንደር ሹብሪክ ትባላለች፣ በ1857 የተሠራች። ከዚያ በኋላ ለቴንደር የዛፍና የአበባ ስም መስጠት ልማድ ሆነ። ሴኮያ፣ ማንዛኒታ፣ ቱሊፕ፣ ኦርኪድ፣ ሳይፕረስ፣ ሲዳር። ሲዳር እንግዲህ በእኛ ዝግባ መሆኗ ነው። የጦር መርከብ በጄኔራል ስም ሲጠራ እነዚህ በአበባ መጠራታቸው ደስ ይላል። ቀፎአቸው ጥቁር፣ ከላይ ያለው ቤት ነጭ ነው። ከፊት አፍንጫቸው ላይ ትንሽ የነሐስ ማማ ተለጥፋለች። ነሐስ ሲባል ያው ዘወትር የሚያሻት ሰው አለ ማለት ነው።

በ1908 ኒው ጀርሲ ውስጥ ካምደን ላይ ስምንት እኅትማማች ቴንደሮች ተሠሩ። እያንዳንዳቸው ወደ 58 ሜትር ይረዝማሉ። የፓናማ ቦይ ገና ስላልተከፈተ ሴኮያ፣ ማንዛኒታና ኩኩይ ደቡብ አሜሪካን ዞረው ፓስፊክ ገቡ። ሴኮያ ካሊፎርኒያ ቀረች፣ ማንዛኒታ ወደ ኦሪገን፣ ኩኩይ ወደ ሃዋይ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጦር ሠራዊቱ ፈንጂ ለመቅበር ያሠራቸውን መርከቦች ለአገልግሎቱ አስረከበ፣ አካሺያ አንዷ ነች።

ሰው ስለ ቴንደር ሲያስብ ስንቅ ብቻ ይመስለዋል። አብዛኛው ጊዜ ግን የሚያልቀው በተንሳፋፊ ምልክቶች፣ ማለትም መርከብ መንገዱን እንዲያውቅ በሰንሰለት ታስረው ውኃ ላይ በሚንሳፈፉ ትልልቅ ብረቶች፣ ሥራ ነበር። መርከቧ ምልክቱ አጠገብ ትቆማለች። አንዱ መርከበኛ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን ያስገባል። ክሬኑ ያን ሁሉ ብረት ከነሰንሰለቱ እየጎተተ መርከቧን ወደ ጎን ያዘነብላታል። ብረቱ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሙሉ በሙሉ በቀንድ አውጣ መሰል ቅርፊትና በባሕር ሣር ተሸፍኗል። ያ ሁሉ ይፋቃል። ሽታው ከልብስ አይለቅም። ሰንሰለቱ የተበላበት ቦታ ካለ ይለወጣል፣ ምልክቱ ቀለም ይቀባና ተመልሶ ወደ ውኃ ይወረወራል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሰንሰለቱ በድንገት ቢላቀቅ እግር የሚቆርጥ ሥራ ነው።

የስንቁ ማራገፊያ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ላምባው አምስት ጋሎን በሚይዝ ቆርቆሮ፣ ሁለት ሁለቱ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ይመጣል። ወደብ ባለበት ቀላል ነው። ድንጋይ ላይ በተተከለ ማማ ግን መርከቧ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ትንሿ ጀልባ ትወርዳለች፣ ማዕበሉ ጋብ እስኪል ይጠበቃል። ኦሪገን ጠረፍ ላይ ያለው ቲላሙክ ሮክ (መብራቱ በ1881 የበራው) ሰውም ዕቃም በክሬን ተንጠልጥሎ የሚወጣበት ነበር። ከባሕሩ ጋር ሲተያዩ ልብ ይርዳል። በሰሜን ካሊፎርኒያው ሴይንት ጆርጅ ሪፍ ደግሞ ጀልባዋ ራሷ ከነሰዎቿ ትነሣለች። እነዚህ ሁለቱ ላይ ሚስትና ልጅ ይዞ መኖር አይታሰብም። አላስካ ያሉት ስኮች ካፕና ኬፕ ሳሪቼፍም እንደዚያው የወንዶች ብቻ ነበሩ። ርቀቱ ከባድ ስለሆነ ጠባቂዎቹ ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ፈቃድ ያገኙ ነበር።

ቤተሰብ ያለበት ቦታ ሌላ ዓለም ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ መውጫ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቁትን የፋራሎን ደሴቶች እንውሰድ። እዚያ የጠባቂዎቹ ሚስቶችና ልጆች አብረው ይኖራሉ። ሱቅ የለም፣ ሐኪም የለም፣ ዛፍም እንኳ ብርቅ ነው። የቴንደሯ ፊሽካ ሲሰማ ደሴቱ በሙሉ ወደ ማራገፊያው ይሮጣል። አንድ ሩጫውን የማይወድ ግን ነበር ይባላል፣ በቅሎው። ፊሽካው ከሰል መጎተት ማለት መሆኑን ስለሚያውቅ ድምፁን ሲሰማ ሄዶ ይደበቃል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ተጋኖ ሊሆን ይችላል። በቅሎ የሚያውቅ አንባቢ ግን የሚጠራጠር አይመስለኝም።

ጠባቂው ወደ ሌላ ማማ ሲዛወር ቤቱ በሙሉ ቴንደር ላይ ይጫናል። አልጋው፣ ምድጃው፣ ዶሮው፣ አንዳንዴ ላሟ። እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ባሕሩ እያናወጣቸው፣ ቀይና ጥቁር በተቀቡ ብረቶች መካከል ያድራሉ። ለልጆቹ መርከበኛው አጎት ነው፤ ከዋናው ምድር ወሬ ይዞ የሚመጣ ሌላ ማን አላቸውና።

ቴንደሯ ይዛ ከምትመጣው ሁሉ እኔ የምወደው የመጽሐፍ ሣጥኑን ነው። ከ1876 ጀምሮ አገልግሎቱ 40 ያህል መጻሕፍት የሚይዙ የእንጨት ሣጥኖች አዘጋጅቶ ነበር። ሣጥኑ ሲዘጋ ዕቃ፣ ሲከፈትና ሲቆም መደርደሪያ ይሆናል። አንዱ ማማ አንብቦ ሲጨርስ ቴንደሯ ወስዳ ለሚቀጥለው ትሰጥና ከሌላ ቦታ የመጣውን ትተውለታለች። ስንት ልጅ ከዚያ ሣጥን እየጎረጎረ ማንበብ እንደቻለ ማንም አልቆጠረም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚቆጥረው ጋሎን ነው።

ፊሽካው ግን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ኢንስፔክተሩም የሚመጣው በዚያችው መርከብ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራው ከሩቅ ከታየ ቤቱ ይተራመሳል። ፍተሻው መብራቱ ጋ አያበቃም። ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ምድጃ ሥር ሁሉ ይታያል። በነጭ ጓንት አቧራ ይፈትሻሉ የሚባለው ነገር ምናልባት ከአንድ ሁለት ቀበጥ ኢንስፔክተር የወጣ ይሆናል። ደመወዝ የማይከፈላት ሚስት ግን እንደ ሠራተኛ መፈተኗ ሐቅ ነው። ጥሩ ያስመዘገበ ጠባቂ ኮከብ ይሸለማል። ኮከቡ የሚሰፋው በእሱ ኮት ላይ ነው፣ በእሷ መቀነት ላይ አይደለም።

ሲዳር የተለየ ቦታ ይገባታል። በአላስካ ውኃ ላይ ለዓመታት የሠራች ጠንካራ መርከብ ነች። በጥቅምት 1918 ፕሪንሰስ ሶፊያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ከጁኖ ሰሜን ቫንደርቢልት የተባለ አለት ላይ ወጥታ ቀረች። ለእርዳታ ከደረሱት ትልቋ ሲዳር ነበረች። ካፒቴኗ ጆን ሌድቤተር ባሕሩ እስኪረጋ መጠበቅ ይሻላል ከሚለው ከሶፊያ ካፒቴን ጋር ተስማማ። በማግስቱ ማዕበሉ ባሰ፣ በረዶው ዓይን ከለከለ፤ ሲዳር ለመጠለል ተገደደች። ማታ ላይ ሶፊያ ሰጠመች። ከ340 በላይ ሰው አለቀ፣ የተረፈው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ማውረድ ይቻል ነበር ወይስ አይቻልም በሚለው እስካሁን ይከራከራሉ። ለሶፊያ ካፒቴን መልስ የለኝም። የሌድቤተር ጥፋት ግን አይታየኝም፤ በዚያ በረዶ መርከቡን ይዞ ተመልሶ ለመውጣት ሞክሯል። ሲዳር ከዚያ በኋላ 1920ዎቹን በሙሉ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ላምባ አመላልሳለች።

እነዚያ ዓመታት ብዙ ነገር ለወጡ። በ1918 በወጣው ሕግ ጠባቂዎቹ ብቻ ሳይሆኑ መርከበኞቹም በ65 ዓመታቸው፣ 30 ዓመት ካገለገሉ፣ ጡረታ አገኙ። ከሌሎቹ የፌዴራል ሲቪል ሠራተኞች ቀድመው ነው ያገኙት፤ ይህን ፑትናም ታግሎ ያመጣው ነው። በ1921 ኒው ዮርክ መግቢያ ላይ መርከቦች አቅጣጫ የሚለዩበት የሬዲዮ ምልክት መላክ ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች የለገሷቸው ሬዲዮኖችም ማማዎቹ ውስጥ መግባት ያዙ፤ ወሬ በመርከብ ብቻ መምጣቱ ቀረ። በ1929 የገና ዕለት ደግሞ ቢል ዊንካፖ የተባለ አብራሪ ሜይን ውስጥ ላሉ ጠባቂዎች ስጦታ ከአውሮፕላን ጣለላቸው። ጋዜጣው ወደደው። በእርግጥ ያምራል፣ ግን ከሰል ከአውሮፕላን አይጣልም።

ሐምሌ 1 ቀን 1939 አገልግሎቱ ከነመርከቦቹ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂው ከኮስት ጋርድ ጋር ተቀላቀለ። ጠባቂውም መርከበኛውም ወታደር ልሁን ወይስ በሲቪልነቴ ልቀጥል ብሎ እንዲመርጥ ተደረገ። አካሺያ በመጋቢት 1942 ካሪቢያን ላይ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። የዛፍ ስሙ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም ሴኮያ የምትባል የኮስት ጋርድ መርከብ አለች፣ ቀፎዋም ጥቁር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት አነስተኛ ቴንደሮች ደግሞ በማማ ጠባቂዎች ስም ተሰይመዋል፤ የመጀመሪያዋ አይዳ ሉዊስ ትባላለች። አስራ አራት መርከቦች ናቸው፣ ሁሉም በጠባቂ ስም።